ሞተሩ ሳይሞቅ

አቃቂ፣ ግንቦት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

…ልጆች ሳለን ነው፤ አባትህ ከሚጠግነው ባቡር ሥር እየተሳበ ወጥቶ፣ እጁን በናፍጣ ታጥቦ፣ ወደ ሁለታችን ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። «ብረት ሲታመም» ብሎ ነው የጀመረው። ቀጥሎ ያለው ጠፋብኝ። ሲታመም ምን? ይጮኻል? ዝም ይላል? ከጠዋት ጀምሮ ልብስ እያጠብኩ የማስበው እሱን ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩትም ለዚህ ነውና አትቀየመኝ።

ወንድሜ ቀናው፣ ባሕሩና ወበቁ እንዴት ይዘውሃል? እግዚአብሔር በሄድክበት ጥላ ይሁንህ። እኛ ዝናቡን እየጠበቅን ደኅና ነን። እናትህ እትዬ ወርቅነሽ ጉልበታቸው እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። ምርቃታቸውን ሁሉ ብጽፈው ወረቀቱ ስለማይበቃ፣ በአጭሩ ክፉ አይንካህ ብለዋል።

ጉዳዬን ልንገርህ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ መሆኔን ሰምተሃል። ባለቤቴ ተስፋሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ያወጣሁት መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የፋብሪካውን ክሊኒክ መኪና ስነዳ ኖሬበታለሁ። አሁን የሠፈሩ እናቶች ልጆቻችንን ሳሪስ ትምህርት ቤት አድርሽልን፣ መልሽልን ብለውኛል። ታክሲው ልጆቹን እንደ ከሰል ነው የሚጭናቸው። ስለዚህ ትንሽ መኪና መግዛቴ ነው፤ ያገለገለች፣ ባለ አምስት በር፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። ቦርሳቸው እዚያ ይገባል። ለመስከረም መድረስ አለባት። ካልደረሰች እናቶቹ ሌላ ሰው ይይዛሉ፤ እኔ ግን ከዚህ ሌላ የምይዘው የለኝም።

አንዲት አይቻለሁ። አመድማ ናት። ወንበሯ ንጹሕ ነው፤ ውስጧ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ባለቤቷ ጨዋ ሰው ናቸው። አንተ ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ ከመርከብ የሚወርዱ መኪኖች ሆድ ውስጥ ነው የምትውለው፤ ምን ምን ማየት እንዳለብኝ ጻፍልኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም። ዓይንህን አበድረኝ።

ይህን የሚያደርስልህ ሸኪብ ነው፤ ቃሊቲ የሚኖረው የወሎው ልጅ፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር። መልሱንም ለእሱ ስጠው።

የአጎትህ ልጅ ሥርጉት


ጅቡቲ፣ ግንቦት 30 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፣ ለቤትሽ ሰላም፣ ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ቀለሙ ቦታ ቦታ ላይ ቢፈስስ ላቤ ነው፣ እንባ አይምሰልሽ። እናቴን ጉልበቷን ስመሽ እኔ ነኝ በያት። ጣሪያዋ ያፈስ እንደሆነም እዪልኝ።

አሁን መኪናዋ። አመድማ ናት አልሽኝ። ሎሚ ትሸታለች አልሽኝ። ሥርጉት፣ ሙሽራ ነው የምታጪው? ሎሚ የሚሸት መኪና ሎሚው ሳይረጭበት በፊት ምን ይሸት እንደነበር ነው የሚጠየቀው። ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ይሸታል። ቤንዚን የሚያፈስ ቧንቧ ይሸታል። ሽቶ የሚረጭ ሰው ምክንያት አለው።

በጠዋት ሂጂ፣ ሳትነግሪያቸው። ከሁሉ በፊት መዳፍሽን ኮፈኑ ላይ አሳርፊ። ሞቆ ከጠበቀሽ ተመለሺና ሌላ ቀን ሂጂ። ያረጀ ሞተር ገበናው የሚታየው ሳይሞቅ ነው፤ ከሞቀማ ሁሉም ሞተር ጨዋ ነው። ሲነሣ ከኋላ ቁሚና ጭሱን እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ አልቆም ካለ ውሃው ወደማይገባው ቦታ ገብቷል። የዘይቱን ክዳን ክፈቺ፤ ከሥሩ እርጎ የመሰለ ነገር ካየሽ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ አንቺም ሂጂ።

ፍሬኑን ረግጠሽ አትልቀቂ። አባታችን ሆይ እስክትጨርሺ እግርሽ እዚያው ይቆይ። መርገጫው ቀስ እያለ ከወረደ የፍሬኑ ፖምፓ አልቋል ማለት ነው። በዚያች መኪና ልጅ አይጫንም። ይህችን ከሌላው ለይተሽ ያዢልኝ።

መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘሽ በዝግታ ዙሪባት፤ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ ካለ መገጣጠሚያው ተበልቷል። የኋላውን ምንጣፍ አንሺ፤ ከትርፍ ጎማው ሥር ዝገትና የብየዳ ጠባሳ ፈልጊ። ኪሎሜትሯን አትመኚ፤ ቁጥሩን ወደ ኋላ የሚያዞሩት ሰዎች እዚህ ከእኔ ጋር ምሳ ይበላሉ። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላስቲክ አልቆ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ከሁለቱ አንዳቸው ይዋሻሉ፤ ላስቲክ ደግሞ መዋሸት አያውቅም። ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ የሚሄደው ታይሚንግ ቺንጋ መቼ ተቀየረ ብለሽ ጠይቂ። አላስታውስም ካሉሽ አልተቀየረም።

ወይም ይህን ሁሉ ተዪውና መካኒክ ይዘሽ ሂጂ። ሳሪስ አቦ አካባቢ ሞልቷል።

አባቴ የተናገረውን አላስታውስም። እኔ የማስታውሰው እናቴ በናፍጣው ሽታ ስትቆጣ ነው። ስለ ብረትም አይመስለኝም፤ ስለ ሰው ይሆናል።

ባለቤቷ ማን ናቸው? የሠፈራችን ሰው ከሆኑ አውቃቸዋለሁ።

ቀናው


አቃቂ፣ ሰኔ 17 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቀናው፣ የሳሪሱ አቦ ከፊትህም ከኋላህም ይቁሙልህ። እናትህ ደኅና ናቸው። ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል፤ ሳፋ አስቀምጠናል።

በጠዋት ሄድኩ። ኮፈኑ ሞቋል። ተመለስኩ። በማግስቱ ይበልጥ ማልጄ ሄድኩ። ሞቋል። ሰውዬው ጋቢያቸውን ተከናንበው በራፉ ላይ ቆመው፣ ብርድ ላይ ቆመሽ እንዳትጠብቂ ብዬ አስነሥቼ አሞቅሁልሽ አሉኝ። ሦስተኛ ብመለስ ሌሊቱን ሲያሞቁልኝ የሚያድሩ መሰለኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱልኝ። የዘይቱ ክዳን ታየኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ነጠላዬን አስተካከለ። ወዲያው ሚስታቸው ቁርስ ይዘው ወጡ። ፍርፍራቸውን በልቼ የሞተራቸውን ክዳን እንዴት ልክፈት? መካኒክ ላምጣ የሚለውን አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ሌባ ነዎት ከማለት በምን ይለያል? ከቁርሱ በፊት ይባል ይሆናል። ከቁርሱ በኋላ ግን አይባልም። ከቁርሱ በፊትም አልተባለም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ቀብድ ከፍያለሁ። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ነው። አይደለም። ደርሶኝ ነበር፣ ሳልከፍተው ነው። ሸኪብ ፖስታውን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ እኔ ውሉ ላይ ልፈርም እስክሪብቶ ይዣለሁ። ፖስታውን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩትና ፈረምኩ። ወረቀቱ ሲኮሰኩሰኝ ይሰማኝ ነበር። ቀሪውን ከፍዬ ሊብሬው በስሜ የሚዞረው ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፤ እስከዚያ መኪናዋ እሳቸው ግቢ ትቆማለች። እኔ ውሉን ካፈረስኩ ቀብዱ ይቀልጣል፤ ሌላ መኪና የምገዛበትም አይኖረኝም።

ስለዚህ ባለቤቱ ሳያይ የሚደረግ ምርመራ ካለ ጻፍልኝ።

ሥርጉት


ጅቡቲ፣ ሰኔ 29 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፣ ልቦናና ጤና ይስጥሽ። ዘንድሮ ልቦናውን አስቀድሜዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቱ ሳያይ የሚደረግ ምርመራ! ሻጭ ይደበቃል፣ ያለ ነው። ገዢ ሲደበቅ ግን በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ ነው። ለሸኪብ ነገርኩት፤ ሻዩ አፍንጫው ውስጥ ገባ። እኔ በሬ ስገዛ ጥርሱን ፈልቅቄ ነው የማየው፣ እስከ ዛሬ በሬውም ባለቤቱም አልተቀየሙኝም አለ።

ባለፈው ሰሞን እዚህ አንዲት የምታምር መኪና ከመርከብ ወረደች። ሥሯ ገብቼ ሳይ ከፊት የአንዷ፣ ከኋላ የሌላዋ ናት፤ መሐሏ ላይ በያጁ ሰፍቷታል። ከውጭ ብታዪያት ለሰርግ ትሆናለች። እንዲህ ያለ ነገር በነጠላ ተሸፍኖ አይታይም።

የላክሁልሽ ክብ ነገር ማግኔት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ነው ያወጣሁት። በሮቿን፣ ከጎማ በላይ ያለውን፣ ኋላዋን ዙሪያዋን አስጠጊው። ቆርቆሮ ካለ ይይዛል። ስቱኮ ለቅልቀው ቀለም የቀቡት ከሆነ አይይዝም፤ ያ ቦታ ተጋጭቷል ወይም በዝገት ተበልቷል። እንግዲህ ይህን ተደብቀሽ ማድረግ ከቻልሽ አድርጊ።

ስለ ጭሱ ምንም አላልሽኝም። ስለ ፍሬኑም። ባለቤቷ ማን ናቸው ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አንቺ ስለ ፍርፍር ጻፍሽልኝ። አሁንም ደግሜ እጠይቃለሁ።

የእናቴን ጣሪያ በሳፋ አትመልሱት። ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ፈልጊ።

ቀናው


አቃቂ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወንድሜ ቀናው፣ ከስቷል አለኝ ሸኪብ። ብላ እንጂ። አምላክ የዚያን አገር ፀሐይ ያብርድልህ። ጣሪያው ተመቷል። እናትህ ማግኔቱን አገላብጠው አይተው፣ ራስ ምታት ይነቅል እንደሆነ ብለው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ትንሽ ሻል ብሎኛል ይላሉ።

መኪናዋን ላያት መጣሁ ብዬ ግቢያቸው ገባሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጭቃውን ታውቀዋለህ። ማግኔቱን መዳፌ ውስጥ ይዤ ነጠላዬን አልብሼዋለሁ። ጋሽ ፀሐዩ በረንዳው ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ይኸው ስማቸውን ጻፍኩት። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ፀሐዩ ናቸው፤ ከእንግዲህ አትጠይቀኝ።

የደከመኝ መስዬ የፊተኛውን በር ተደገፍኩና መዳፌን ላላ አደረግሁ። ያዘ። የኋለኛውንም ያዘ። ደስ አለኝ። ሰው በዚህ ደስ ይለዋል? ከኋላ በግራ በኩል፣ ከጎማው በላይ መዳፌን ስከፍት ማግኔቱ ጭቃው ውስጥ ጠብ አለ።

ከበርጩማቸው ተነሡ። መጡ። ጎንበስ ብለው አነሡት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ወደቀብሽ» አሉኝ።

እኔንም አላዩኝም፣ ስቱኮውንም አላዩትም፤ በመካከላችን ያለውን አየር ነው ያዩት። ከዚያ ቁልፉን አውጥተው ገብተሽ ሞክሪያት አሉ። ተቀይመው ነው? ወይስ ምንም ስለማይሰጉ ነው? ገባሁ። ሞተሩ እንደ ልማዱ ሞቋል። ሞቆም እንኳ ጭሱ ሰማያዊ ነው፤ በመስተዋቱ አየሁት። ፍሬኑን ረግጬ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። የዕለት እንጀራችንን የሚለው ጋ ሳልደርስ እግሬ ወለሉን ነካ። ፈጥኜ ስለደገምኩት ነው ብዬ እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ነካ። ጋሽ ፀሐዩ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ መኪና ውስጥ መጸለይ ጥሩ ነው፣ እኔም እጸልያለሁ አሉኝ።

ተስፋሚካኤል የሞተ ዕለት ዝናቡን ታስታውሰዋለህ፤ አንተ አልነበርክም ግን ጽፌልህ ነበር። ድንኳኑን በዚያ ዝናብ የተከሉት እሳቸው ናቸው። ሠልስቱ እስኪወጣ ደጄ ላይ ቆመው ለቀስተኛ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ጠጪ ሲሉኝ ጠጣሁ፣ ተኚ ሲሉኝ ተኛሁ። አሁን መኪናዎን መካኒክ ይይልኝ ልበላቸው? ነገ አንድ ቤት ሐዘን ሲገባ አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው። አግዳሚው አጭር ነው።

ሳልላቸው ብቀር ደግሞ ልጆቹ አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ሞተር አልጠይቅህም። ይህን ነው የምጠይቅህ። ምን ልበል?

ሥርጉት


ጅቡቲ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሸኪብ መጥቶ መጥቶ ባዶ እጁን መለስኩት። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጋሽ ፀሐዩ መሆናቸውን መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ያን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ለምን ደበቅሽኝ? አባቴ ሲሞት እኔ ወረቀት አጥቼ ድንበር ላይ ነበርኩ። ሬሳውን ያነሣው ማን ነው? እናቴን ከመቃብር ደግፎ ያመጣትስ? እኔ አይደለሁም።

ስለ ጭሱ ሳስበው ሰማያዊ ጭስ ያን ያህል አይደለም። ዘይት እየጨመሩ ብዙ ዓመት የሚነዱ አሉ። ስቱኮም ቢሆን ዝናብ ይከላከላል። የፍሬን ፖምፓ ልኬልሻለሁ፤ ተጠርጎ እንደ አዲስ የሆነ ነው። ሊብሬው ሲዞርልሽ፣ መኪናዋ ያንቺ ስትሆን፣ በጸጥታ አስገጥሚው። ለእሳቸው አትንገሪያቸው። መካኒክ የሚባለውንም ተዪው፤ የጻፍኩት ሳላውቅ ነው።

እናቴ አርጅታለች። ክረምቱም ገና አልወጣም። የምልሽ ይገባሻል።

እስኪገጠም ድረስ ቀስ ብለሽ ንጂ። ልጆቹም ከባድ አይደሉም።

ቀናው


አቃቂ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ቀናው፣ ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከተረፈኝ።

ፖምፓው ደርሷል። በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሸኪብ አየውና፣ ፖምፓዋ እንዲህ የሆነች መኪና ቧንቧዋስ፣ የፍሬን ሸራዋስ? ማን አይቶት? አለኝ። አንተ ነበርክ እንዲህ መጠየቅ ያለብህ። መጀመሪያ የጻፍካቸውን ደብዳቤዎች መልሼ አነበብኳቸው። በዚያች መኪና ልጅ አይጫንም ያልከው አንተ ነህ፤ ከሌላው ለይቼ እንድይዘው ነግረኸኝ ለይቼ ይዤዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ልጆቹም ከባድ አይደሉም። ያንን ጽፈህ እንዴት ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ መለስከው?

እኔ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ፣ ፍርፍራቸውን ስለበላሁ ነው አፌ የተያዘው። አንተን ባሕሩ ዳር ድረስ እንዴት ደረሱብህ? ሁለት ወር ሙሉ የምትቆጣኝ ሰው ነበርክ። ቁጣህ ይጠቅመኝ እንደነበር አሁን ነው ያወቅሁት።

ትናንት ነጅላ መጣች። ከልጆቹ የትልቋ እናት ናት፤ ልጇ ከፊት ከእኔ ጎን እንድትቀመጥ ተነጋግረናል። የገዛችላትን ቦርሳ ልታሳየኝ ነው የመጣችው። ቀይ ነው፣ ዚፑ ገና ይጠብቃል። ስትወጣ ደጃፌ ላይ ዘወር ብላ እየሳቀች፣ ፍሬኗ ደኅና ነው አይደል? አለችኝ። እንዲያው ለወሬ ነው። እኔም «አዎ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እሷ ሄዳ አዎው ቤት ውስጥ ቀረ። ሳህን አጠብኩ፣ አለ። መጥረጊያ አነሣሁ፣ አለ።

ዛሬ ወደ እናትህ ሄድኩ። አንተ የፈራኸውን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። የእድሩን ዳኛ ባስቀይም፣ የእርስዎ ቀን ሲመጣ ድንኳኑ ይዘገይ ይሆናል ብሎ ልጅዎ ሰግቷል አልኳቸው። እግራቸውን አሹ። ቆይተው፣ «ለእኔ ድንኳን ተብሎ የሰው ልጅ አይለቅ። በዝናብ ቅበሩኝ፤ እኔ እንደሆነ ያን ጊዜ አይበርደኝም» አሉ። ይህን እንድጽፍልህ አላዘዙኝም። የጻፍኩልህ እኔ ነኝ።

ከዚያው ወደ ጋሽ ፀሐዩ ግቢ ሄድኩ። አረማመዴ ፈጣን ነበር፣ እግሬ ሐሳቡን እንዳይቀይር። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። መኪናዋ ታጥባ ቆማለች፤ የነገ ወዲያውን ርክክብ እየጠበቀች ነው። መምጣቴን ስላላወቁ አልሞቀችም። ኮፈኑን ነካሁት። ድንጋይ ነው የሚመስለው። አዩኝ። ዛሬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አልከተትኩትም።

ሻይ ይምጣልሽ አሉኝ። አይምጣ አልኩ። ይህንን «አይምጣ» እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ በሕይወቴ ሰው ቤት ሻይ አይምጣ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቀለለኝ።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ መኪናዋን መካኒክ አይቷት ነው ቀሪውን የምከፍለው። ሳሪስ ወስጄ ላሳያት።»

«ማን ይያት?»

«መካኒክ።»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ መልሰው ለበሱት።

«ተስፋሚካኤልን ስንቀብር» አሉ በዝግታ፣ «ሳጥኑን አናጢ ይየው ብለሽኝ ነበር?»

ይህ እንደሚመጣ አውቄ ነበር መሰለኝ። ከግንቦት ጀምሮ ስሸሽ የከረምኩት ይህንን ዓረፍተ ነገር ነው። ሲመጣ ግን እንደፈራሁት አልነበረም። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ኮፈኑ።

«አላልኩም» አልኳቸው። «ሳጥኑ ፍሬን አያስፈልገውም ነበር። ይህች ያስፈልጋታል። መርገጫው ወለል ይነካል ጋሽ ፀሐዩ፤ እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ የሚሳፈሩት ልጆች ብቻ ናቸው የማያውቁት።»

ደመናው ወርዶ ነበር፣ ነጠብጣብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ላይ አንድ፣ ቆይቶ አንድ። ፊታቸውን ላነበው ሞከርኩ። ቁጣ ነው ስል ሐፍረት ይመስለኛል፤ ሐፍረት ነው ስል ድካም። ምናልባት እሳቸውም ማን ይጠይቀኝ ይሆን ብለው ሲጠብቁ ከርመው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ የእድሩን መዝገብ አስበው ይሆናል፣ ስሜንና ስምህን። ቀብዱን ትቼ ልሂድ? አልኩ በልቤ። አልሄድኩም።

በርጩማውን በአንድ እጃቸው አነሡ። ዝናብ እንዳይመታው ነው ወይስ መቀመጡ አበቃ ማለታቸው ነው?

«ቆዪ» አሉኝ።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ደረጃውን ወጡ። ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉ። ገቡ። በሩ ተዘጋ። ይህን የምጨርስልህ በረንዳው ላይ ሆኜ፣ እሳቸውን እየጠበቅሁ ነው፤ ሰላምታውን በሩ ሲከፈት እጽፈዋለሁ።